የአሮጌ ካሚዮን የናፍጣ ፖምፓ፤ ከመለወጡ በፊትና ሲለወጥ
በጅቡቲ ከተማ ለካሚዮን ባለቤቶች፤ ለነጂዎችና ለከተማው ነዋሪዎች የተዘጋጀ የንግግር ቃል



የጅቡቲ ከተማ የወደብ ከተማ ናት። ኑሮዋም ከባሕር ወደ ደጋው አገር በሚወጣውና ከደጋው በሚወርደው ዕቃ ላይ የተመሠረተ ነው። እንደሚታወቀው ሁሉ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1897 ሥራው የተጀመረው የምድር ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ደግሞ በ2016 ተመረቀ። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በ1998 ከተነሣ ወዲህ የኢትዮጵያ የገቢ ዕቃ አብዛኛው በዚህ ወደብ የሚያልፍ ስለ ሆነ፤ ትልቁ ሸክም ዛሬም በካሚዮን ጫንቃ ላይ ነው። ካሚዮኑም በዲክሂል፤ በጋላፊና በሚሌ አድርጎ እስከ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል።

በዚህ መንገድ ከሚመላለሱት መካከል ዕድሜ የጠገቡ አሉበት። ነጂዎች ኤንትሬ እያሉ የሚጠሩት የኢጣሊያው ፊያት ካሚዮን ለብዙ ዘመን የኢትዮጵያን ዳገትና ቁልቁለት ያገለገለ ነው። እንዲህ ያለ አሮጌ ካሚዮን በመንገድ ላይ ሲቆም፤ «ፖምፓው ሞቷል፤ ይለወጥ» የሚለው ቃል ፈጥኖ ይሰማል። ባለቤቱ ብዙ ገንዘብ ያወጣል፤ ነጂው ተራውን ያጣል፤ ጥፋቱም በእርሱ ላይ ይጣላል። አዲሱ ፖምፓ ከታሰረ በኋላ ካሚዮኑ ያው እንደ ቀድሞው ሲቆም ግን፤ ጉድለቱ ከቀድሞም ከፖምፓው እንዳልነበረ ይታወቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዚህ ነው።

በአሮጌ የናፍጣ ሞተር ላይ ያሉት ፖምፓዎች ሁለት መሆናቸውን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። አንደኛው ትንሹ ነው፤ ናፍጣውን ከማጠራቀሚያው ስቦ በፊልትሮ በኩል ያቀርባል። ሁለተኛው ትልቁ ነው፤ ለያንዳንዱ ሲሊንደር የተመጠነውን ናፍጣ በተመጠነው ሰዓት በብርቱ ግፊት ወደ ኖዝሉ ይልካል። ይህን ትልቁን ፖምፓ የጀርመኑ የቦሽ ፋብሪካ በ1927 በብዛት መሥራት ከጀመረ በኋላ የናፍጣ ሞተር ለካሚዮን የተመቸ ሆነ። በውስጡ የሚመላለሱት ዘንጎች ከቤታቸው ጋር ያላቸው ክፍተት ከጠጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ለዓይን የማይታይ አሸዋና አንዲት የውሃ ጠብታ ጠላቶቹ ናቸው።

የጅቡቲ አየር ለዚህ መሣሪያ ትልቅ ፈተና ነው። በሞቃቱ ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ከምዕራብ የሚነፍሰውም የሐምሲን ነፋስ አቧራ ያመጣል። ናፍጣ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ የቀጠነውም ናፍጣ ባረጁት ዘንጎች ዳርና ዳር ያመልጣል። በደጋው ብርድ ሲነሣ የቆየ ሞተር ጅቡቲ ወርዶ፤ ሞቆ ከቆመ በኋላ አልነሣም ቢል፤ ሲበርድ ግን ቢነሣ፤ ይህ የትልቁ ፖምፓ ማርጀት አንዱ ምልክት ነው። ደግሞም የባሕሩ እርጥብ አየር በጎደለ ማጠራቀሚያ ውስጥ ገብቶ ሌሊት ወደ ውሃነት ይለወጣል። ማታ ማጠራቀሚያውን ሞልቶ ማሳደርና ጧት ከፊልትሮው ሥር ውሃውን ማፍሰስ ብዙ ፖምፓዎችን ያድናል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ሞተሩ ኃይል ቢያጣ ወይም ቢጠፋ፤ ምርመራው ከርካሹ ወደ ውዱ መሄድ አለበት።

በመጀመሪያ ናፍጣ መኖሩ ይታይ፤ የማጠራቀሚያው ክዳን መተንፈሻ ቀዳዳም በአቧራ እንዳልተደፈነ ይታይ። ቀጥሎ ፊልትሮው ይመርመር። ከዚያም የፊልትሮው የአየር ማስወጫ ቡሎን ላላ ተደርጎ ትንሹ ፖምፓ በእጅ ይመታ። ናፍጣው አረፋ እየቀላቀለ ቢወጣ፤ ከቧንቧው ወይም ከመዳብ ቀለበቶቹ በአንዱ አየር እየገባ ነው። ምንም ባይወጣ፤ መስመሩ ተደፍኗል ወይም ትንሹ ፖምፓ ደክሟል። ትንሹ ፖምፓ በጥቂት ቡሎኖች የታሰረ፤ ዋጋውም ከትልቁ ጋር የማይወዳደር ስለ ሆነ፤ ከጓርኒሲዮኑ ጋር ቢለወጥ ሥራው ቀላል ነው። ንጹሕ ናፍጣ ሳይቋረጥ እየወጣ ሞተሩ አሁንም እምቢ ካለ ብቻ ወደ ትልቁ ፖምፓና ወደ ኖዝሎቹ መሄድ ተገቢ ነው።

ትልቁን ፖምፓ መለወጥ ግድ ሲሆን፤ ሦስት ነገሮች አይዘንጉ።

አንደኛው ንጽሕና ነው። ቡሎን ከመፈታቱ በፊት ፖምፓውና ዙሪያው ይታጠብ፤ የተፈቱትም ቧንቧዎች አፋቸው ይከደን። በነፋስ መካከል በአሸዋ ላይ የተፈታ ፖምፓ ከመታሰሩ በፊት ተበላሽቷል።

ሁለተኛው ምልክት ነው። ሞተሩ በእጅ ዞሮ አንደኛው ሲሊንደር በእመቃ ላይ ሳለ በቮላኖው ላይ ያለው ምልክት ከቦታው ይግጠም፤ የፖምፓው መያዣ ምልክትም ሳይፈታ ይታይ። አዲሱ ፖምፓ በዚያው ምልክት ካልታሰረ ሞተሩ ይንኳኳል፤ ይጨሳል፤ ወይም ጨርሶ አይነሣም። የሰሌዳው ቁጥር ከአሮጌው ጋር መተባበሩን፤ በመመርመሪያ ማሽን ላይ መለካቱን፤ የራሱ ዘይት ያለው ዓይነት ከሆነም ዘይቱ መሞላቱን ማረጋገጥ የባለቤቱ ድርሻ ነው። በመጠን መወሰኛው ቡሎን ላይ ያለውን ማኅተም ኃይል ለመጨመር ብሎ መስበር ጥቁር ጭስና የሞተር ቃጠሎ ያስከትላል፤ አየሩ በሳሳበት በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ባለው በአዲስ አበባ አካባቢ ደግሞ ይብሳል።

ሦስተኛው አየር ማስወጣት ነው። አስቀድሞ ከፊልትሮው፤ ቀጥሎ ከፖምፓው፤ በመጨረሻም ከኖዝሎቹ ቧንቧ አየሩ ይውጣ። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የማጥፊያው ዘንግ በደንብ መሥራቱ ይሞከር፤ ፖምፓው ቢያዝ ሞተሩ ያለ ልክ ሊሮጥ ይችላልና።

ከሁሉ በላይ የሰው ሕይወት ይቀድማል። ከኖዝሉ ቧንቧ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የሚያፈሰውን ቦታ በጣት መዳሰስ ክልክል ነው፤ በካርቶን ይፈለግ። የተወጋ ሰው ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያህልም፤ ሕመምም ባይሰማው፤ ሳይውል ሳያድር በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ የዘገየ ጣቱን ሊያጣ ይችላል። በመንገድ ላይ የቆመ ካሚዮን ጎማው በድንጋይ ይደገፍ፤ ሲነሣም ድንጋዩ ከመንገዱ ይነሣ። ረዳቱ የተወው ድንጋይ በሌሊት ለሚመጣው ነጂ ሞት ነውና።

የከተማው ሹማምንትም ድርሻ አላቸው። ካሚዮኖች በሚሰበሰቡበት በፒኬ 12 አካባቢም ሆነ በሌላው የከተማው ዳርቻ ከመንገድ የራቀ፤ ከነፋስ የተከለለ፤ መሬቱ የተደለደለ የመጠገኛ ሥፍራ ቢኖር ጥቅሙ ለሁሉ ነው። በአሸዋ ላይ የሚፈሰው ናፍጣና አሮጌ ዘይት ወደ ታች ይሰርጋል፤ ከተማይቱም ከምድር ውስጥ የሚቀዳ ውሃ የምትጠጣ ናት። አንድ በርሜል ለአሮጌው ዘይት ማኖር ከባድ ወጪ አይደለም።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ባለቤቱ ነጂውን ከመውቀሱ በፊት ፊልትሮውን ይይ፤ መካኒኩም አዲስ ፖምፓ ከማስገዛቱ በፊት አንዱን ቡሎን አላልቶ ይመልከት። በዚህ ሩብ ሰዓት የባለቤቱ ገንዘብ ይተርፋል፤ የነጂው ስምም ያለ በደል ይጠበቃል።