ለገሃር፦ የከተማ በር የነበረው ጣቢያ



የዛሬው ንግግር የሚያተኩረው በአዲስ አበባው ባቡር ጣቢያ፣ በሕዝብ አጠራር በለገሃር ላይ ነው። ሐዲድ ባልደረሰበት በወላይታ ምድር ስለ ባቡር ጣቢያ መናገር ከርእስ መውጣት ይመስል ይሆናል። ይሁንና አንድ ከተማ እንግዳ የሚቀበልበትን በር የት ያቆማል፣ በሩስ ከከተማው ጋር በምን ይያያዛል የሚለው ጥያቄ ሐዲድ ላለውም ለሌለውም ከተማ አንድ ነው።

እንደሚታወቀው፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የምድር ባቡሩን ሥራ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ፈቃዱ ሦስት ክፍል ነበረው። የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከእንጦጦ እስከ ካፋና እስከ ነጭ ዓባይ የሚደርስ ነበር። ስለዚህ ባቡሩ ገና በሐሳብ ላይ ሳለ ፊቱን ወደ ደቡብ ምዕራብ ጭምር አዙሮ እንደነበር መገንዘብ ይቻላል። ሦስተኛው ክፍል ግን ከወረቀት አልወረደም፤ በዚህም ምክንያት የመንገዱ አጋማሽ እንዲሆን የታሰበው ቦታ የመንገዱ መጨረሻ ሆኖ ቀረ።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ሐዲዱ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልቻለ፣ ከግርጌው ድሬዳዋ የምትባል አዲስ ከተማ ተቆረቆረች። ከዚያም ኩባንያው በገንዘብ እጦት ወደቀ፤ ሥራውን የተረከበው ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር። አንድ ሜትር ስፋት ያለው ይህ ሐዲድ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይወጣል። ቀደም ሲል በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጉዞ፣ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስት ቀን የሚፈጸም ሆነ።

ዛሬ የሚታየው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ሐዲዱ ከደረሰ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። ንድፉን ያወጣው ፖል ባሪያ የተባለ ፈረንሳዊ የሕንፃ ባለሙያ ነበር። ሕንፃው ግራና ቀኙ የተመጣጠነ፣ መካከለኛው ክፍል ጎላ ብሎ የሚታይ፣ በዘመኑ ፈረንሳይ አገር ከሚሠሩት መካከለኛ ጣቢያዎች ጋር የሚቀራረብ ነው። በስፋቱ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ትልቁ ብልሃቱ አቀማመጡ ነው። ፊቱን ወደ ሰሜን፣ ወደ ከተማው አዙሮ፣ ሐዲዱንና የመሳፈሪያውን መድረክ ከጀርባው አድርጓል። መንገደኛው ከፉርጎ ወርዶ በሕንፃው ውስጥ ሲያልፍ፣ በወዲያኛው በር የሚጠብቀው ከተማው ነበር።

ከተማውም በፈንታው ወደ ጣቢያው መጣ። ከለገሃር ተነሥቶ ሽቅብ የሚወጣው የቸርችል ጎዳና ዳገቱን ተከትሎ ወደ ፒያሳ ያቀናል፤ በላይኛው ጫፉም በ1957 ዓ.ም. የተመረቀው፣ የአርቱሮ ሜዜዲሚ ሥራ የሆነው የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ቆሟል። ከላይ የከተማው አስተዳደር፣ ከታች የከተማው በር፣ በመካከላቸው አንድ ቀጥ ያለ ጎዳና፦ ኮረብታና ሸለቆ ለበዛበት ለአዲስ አበባ ከዚህ የተሻለ ግልጽ መሥመር ማግኘት ያዳግታል።

በጣቢያው ፊት ለፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የፈረንሳዊው ቀራፂ የዦርዥ ጋርዴ ሥራ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ለተፈጸመው የቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን በዓል ከየአገሩ የተላኩት እንግዶች የገቡት በዚሁ ጣቢያ ነበር። ከአምስት ዓመት ተኩል በኋላ ደግሞ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ሐዲድ ወደ ጅቡቲ ተጓዙ። ወራሪው ኃይል ሐውልቱን ነቅሎ ወደ ሮም ወሰደው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ተመልሶ ቦታውን ያዘ። ክብርም ስደትም ያለፈው በአንድ በር ነው።

ዛሬ በዚህ በር ባቡር አይገባም። አሮጌው መሥመር እያረጀ ሄዶ አገልግሎቱ ከቆመ በኋላ፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ተመረቀ። የአዲሱ መሥመር የመንገደኞች ጣቢያ ከመሐል ከተማ ርቆ በደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ በለቡ ተሠራ። ለዚህ ውሳኔ በቂ የሙያ ምክንያት አለው፤ ፈጣን ባቡር ሰፊ ኩርባ ይሻል፣ መንገድ ማቋረጥ አይወድም፣ በመሐል ከተማ ቤት አፍርሶ ሐዲድ መዘርጋትም ብዙ ያስወጣል። ነገር ግን ለሐዲዱ የተቆጠበው ወጪ በመንገደኛው ጫንቃ ላይ ይወርዳል። ዕቃውን ይዞ ከዳርቻ ወደ መሐል ለመድረስ ሌላ ተሽከርካሪ፣ ሌላ ሰዓት፣ ሌላ ገንዘብ ያስፈልገዋል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር በለገሃር አጠገብ ያልፋል፤ የሩቁ አገር ባቡር ግን እዚያ የለም።

ለገሃር የሚለው ስም «ጣቢያው» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ባቡሩ ከቀረ በኋላም የታክሲ ረዳቶች ቃሉን ቀኑን ሙሉ ይጠሩታል። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ይኸንኑ አካባቢ የሚሸፍን፣ 360,000 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የከተማ ልማት ሥራ ይፋ ሲሆን፣ አሮጌው የጣቢያ ሕንፃ ተጠብቆ እንደሚቆይ ተገልጿል። ይህ መልካም ነው። ሆኖም ግድግዳውን ጠብቆ ትርጉሙን ማጣት እንደሚቻል ባለሙያ ሊዘነጋ አይገባውም። ከበስተጀርባው የመሳፈሪያው መድረክና ጥቂት ሐዲድ ካልቀረ፣ ከፊቱም የቸርችል ጎዳና እይታ በረጃጅም ሕንፃዎች ከታፈነ፣ የሚተርፈው ለምን እንደተሠራ የማይናገር አንድ አሮጌ ቤት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሕንፃውን ከነመድረኩ ለክቶ በሥዕል ማስቀረት፣ በድሬዳዋ ያለውን የጥገና ጋራዥም ከነመሣሪያው መመዝገብ የሙያው ግዴታ ነው።

ነገሩ ለወላይታም ሩቅ አይደለም። በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ የተነደፈው ብሔራዊ የባቡር ዕቅድ ከሞጆ ተነሥቶ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ በኩል ወደ ደቡብ የሚዘልቅ መሥመር ነበረው። የዚህ ዕቅድ ፍጻሜ መቼም ይሁን መቼ፣ በር የመትከል ጥያቄ ባቡርን አይጠብቅም። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ተበላ በሯ አውራ መንገዱ ነው። መናኸሪያ ወደ ዳር በሚወጣበት፣ አዲስ መንገድ ከተማን ዞሮ እንዲያልፍ በሚታሰብበት ጊዜ ሁሉ የለገሃር ጥያቄ በየከተማው ይነሣል፦ ከተሽከርካሪ የወረደችው ባለ ገበያ ሸክሟን ይዛ ከገበያው ለመድረስ ስንት እርምጃ ይቀራታል?

የአዲስ አበባው ጣቢያ ያስተማረው ይኸው ነው። ሐዲዱ ከተማዋን ከባሕር ጋር አገናኘ፤ ጣቢያውና ጎዳናው ደግሞ መንገደኛውን ከከተማዋ ጋር አገናኙት። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ጉዞው መንገድ ላይ ይቀራል።