«በርታ» ከማለት አስቀድሞ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 እንደ ተጻፈው፣ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን ትንቢት ያነብ ነበር፤ ምሥጢሩ ግን ተሰውሮበት ነበር። ፊልጶስ «በርታ፤ ደጋግመህ አንብብ» ብሎት ቢያልፍ ኖሮ ምክሩ ሐሰት ባልሆነ፤ ጃንደረባውንም ከነበረበት ፈቀቅ ባላደረገው። እርሱ ግን ሮጦ ቀረበ፤ ያስተውል እንደ ሆነ ጠየቀው፤ ወጥቶም አብሮት ተቀመጠ፤ ካስቸገረውም ቃል ጀምሮ ተረጐመለት።

ይህ በእኔም ደርሷል። በዜማ ትምህርት ቤት ሳለሁ ርክርክ የተባለው የድጓ ምልክት አልቀናኝ አለ። ብዙዎች «ትጋ እንጂ» እያሉ ያልፉኝ ነበር። ተጋሁ፤ ነገር ግን የደገምሁት ስሕተቴን ነበርና ስሕተቱ ጸናብኝ። በኋላ አንድ ታላቅ ተማሪ አጠገቤ ተቀምጦ «በል፤ ልስማህ» አለኝ። ድምፄ የሚሰናከልበትን ስፍራ ለይቶ፣ እርሱ በዝግታ እየመራ አስከተለኝ፤ ያን ጊዜ ተቃናልኝ።

እንግዲህ ወላጅም፣ መምህርም፣ ባለሙያም «በርታ» ከማለቱ አስቀድሞ «የቱ ላይ ከበደህ?» ብሎ ይጠይቅ። ትጋቱ የተማሪው ነው፤ መንገዱን ማሳየት ግን የሚያውቀው ሰው ዕዳ ነው።

ወርዶ ያስተማረን አምላክ ለዚህ ትዕግሥት ያብቃን፤ አሜን።