የታይሮይድ ካንሰር ልየታና የደቡብ ኮሪያ ሴቶች

አቅራቢ ሀ፦ ታይሮይድ ከማንቁርት በታች የምትገኝ፣ ቅርጿ ቢራቢሮ የሚመስልና ሰውነት ኃይል የሚጠቀምበትን ፍጥነት የሚቆጣጠር ሆርሞን የምታመነጭ ዕጢ ስትሆን፣ ካንሰሯ በሴቶች ላይ የሚገኘው ከወንዶች በሦስት እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ ሴቶች ስለ ልየታው፣ ማለትም ምልክት ሳይኖር ስለሚደረገው ምርመራ፣ ምን ያህል ያውቃሉ የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል።

አቅራቢ ለ፦ ማወቅ ማለት መመርመር ብቻ ቢሆን ኖሮ የደቡብ ኮሪያ ሴቶችን የሚስተካከል ባልተገኘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው ብሔራዊ የካንሰር ልየታ ታይሮይድን ባይጨምርም፣ የሕክምና ተቋማት በጥቂት ተጨማሪ ክፍያ አንገትን በአልትራሳውንድ ያዩ ስለነበር፣ በ2011 የተመዘገበው የበሽታው መጠን የ1993ቱን 15 እጥፍ አከለ።

አቅራቢ ሀ፦ ሞቱስ ቀነሰ?

አቅራቢ ለ፦ ፈቀቅ አላለም፤ ከተገኙት አብዛኞቹ ፓፒላሪ የሚባሉ፣ በዝግታ የሚያድጉ እብጠቶች ነበሩና። በቀዶ ሕክምና ዕጢዋ ጨርሶ የወጣላት ሴት ግን ዕድሜ ልኳን በየማለዳው በባዶ ሆዷ የሆርሞን እንክብል ትውጣለች፤ የካልሲየም ማነስ ወይም የድምፅ መጎርነን የተረፋቸውም አሉ። በ2014 የአገሪቱ ሐኪሞች ራሳቸው ተሰባስበው ልየታውን ሲቃወሙ፣ ቀዶ ሕክምናው በአንድ ዓመት ውስጥ ከሲሶ በላይ ቀንሷል።

አቅራቢ ሀ፦ ስለዚህ አንገትን አለማስመርመር ይሻላል ማለት ነው?

አቅራቢ ለ፦ ምልክት ለሌላት እንጂ፣ እብጠት ለዳሰሰች፣ ለመዋጥ ለተቸገረች ወይም በልጅነቷ አንገቷ ላይ ጨረር ለተሰጣት ሴት አይደለም። በኢትዮጵያም ለዓመታት የቆየ እንቅርት ድንገት በፍጥነት ማደግ ወይም መጠንከር ከጀመረ ሐኪም ሊያየው ይገባል።