ለእንስሳት ክሊኒክ የፈሳሽ መስጫ መሣሪያ አመራረጥ



በእንጦጦ ዳገት ሸክም ስትመላለስ የምትውል አህያ በተቅማጥ ስትወድቅ የቤቱ እንጀራ አብሮ ይወድቃል። 150 ኪሎ የምትመዝን አህያ የክብደቷን 8 በመቶ ያህል ፈሳሽ ካጣች ጉድለቱ 12 ሊትር ነው። ለሰው በተሠራውና አንድ ሚሊሊትር በ20 ጠብታ በሚያወርደው ቱቦ ይህን በ8 ሰዓት ለመተካት በደቂቃ 500 ጠብታ ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ጠብታ ሳይሆን ጅረት ነው፥ ማንም ሊቆጥረው አይችልም። ስለዚህ በየካ ለሚሠራ ሐኪም የመጀመሪያው ግዢ ሰፊ ቱቦና ወፍራም የደም ሥር መርፌ ይሁን፤ ከረጢቱን ከፍ አድርጎ ለመስቀል ጠንካራ ገመድም አይጥፋ።

ለቡችላ ግን ባለ 60 ጠብታው ይሻላል፤ በደቂቃ የሚወርደው የጠብታ ቁጥር በሰዓት ከሚገባው ሚሊሊትር ጋር እኩል ነውና ስሌቱ አያደክምም። የኤሌክትሪክ ፓምፕ መልካም ነው፤ ባትሪ ከሌለው ግን መብራት በጠፋ ጊዜ ጌጥ ብቻ ነው።

ስለ ንጽሕናም አንድ ነገር ይታከል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፥ መርፌን በድስት ቀቅሎ መልሶ መጠቀም በእንጦጦ ከቆላው ይበልጥ ያሳስታል። የብረት ዕቃ በኦቶክሌቭ ይምከን፤ ቱቦው ግን አንዴ ከተሠራበት ይጣል።