ቀዬ መቀየር አለርጂክንና ሳይነስን ይፈውሳልን?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከመካከላችን ቤቱን ሸጦ፣ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት ጎረቤቱ ተለይቶ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ስላለ፣ ነገሩ የአፍንጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መስከረም ጠብቶ ሣሩ ሲያብብ የሚያስነጥሰው፣ ዓይኑን የሚያሳክከው፣ አፍንጫው የሚደፈንበት፣ ግንባሩን ጭምቅ አድርጎ የሚይዘው ሰው ከወዳጅም ከዘመድም የሚሰማው ምክር አንድ ነው። «እዚህ አዲስ አበባ ምን ያደርግልሃል? ወደ ቆላ ውረድ፣ ናዝሬት ግባ፣ ድሬዳዋ ሂድ» ይባላል።

ታዲያ ይህ ምክር ይሠራል ወይ? ለአንዳንዱ ይሠራል። ለሌላው ለጥቂት ዓመት ብቻ ያሳርፋል። ለአንዳንዱ ደግሞ ጨርሶ አይሠራም። ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ሳያውቁ ቤት መሸጥ ግን አይገባም። ምክንያቱን ላስረዳ።

አለርጂክ ማለት ሰውነታችን ለሌላው ሰው ምንም የማያደርገውን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋው ነው። ጆን ቦስቶክ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1819 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ በበጋ የሚነሳበትን የራሱን ሕመም ለሐኪሞች ማኅበር ገልጾ አስረዳ፤ መንስኤውን ግን አላገኘውም። ቻርልስ ብላክሊ የተባለው ሌላው እንግሊዛዊ ሐኪም በገዛ አፍንጫው እየሞከረ፣ ጥፋተኛው የሣር አበባ ብናኝ መሆኑን በ1873 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አሳየ። እንግዲህ አፍንጫ የሚጠላው አገሩን አይደለም፤ በአገሩ አየር ላይ የሚበረውን አንድ የተወሰነ ነገር ነው። ያ ነገር በአዲሱ ቦታ ከሌለ እፎይ ይባላል፤ ካለ ግን ትርፉ የጭነት መኪና ኪራይ ብቻ ነው።

ይህን ከሌሎች አገሮች ታሪክ እንመልከት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ገንዘብ ያላቸው ሕመምተኞች በነሐሴና በመስከረም ገደማ ኒው ሃምፕሸር ወደምትገኘው ቤተልሔም ወደተባለች ተራራማ ከተማ ይሄዱ ነበር። የሚያስነጥሳቸው ራግዊድ የሚባለው አረም በዚያ ተራራ ላይ እምብዛም ስለማይበቅል ይሻላቸዋል። ልብ በሉ፤ ቤታቸውን አልሸጡም፤ ክፉውን ወር ብቻ አሳልፈው ይመለሱ ነበር።

አሪዞና የሄዱት ግን ሌላ ነገር ገጠማቸው። ቱሳን የምትባለው ከተማ በረሃ ላይ ያለች ስለሆነች፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ሕመምተኛ «ደረቅ አየር ይሻልሃል» እየተባለ ወደዚያ ሄደ። ሰው ግን ባዶውን አይሄድም። በረሃውን አረንጓዴ ለማድረግ ሙልቤሪ የሚባለውን ዛፍ፣ የወይራ ዛፍና እኛ ሰርዶ የምንለውን ሣር ተከለ። ዛፉ አድጎ ብናኙን መርጨት ሲጀምር፣ ሕመሙን ሸሽቶ የመጣው ሰው እዚያው ያስነጥስ ጀመር። የአካባቢው አስተዳደር በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ብናኝ የሚያበዙትን የሙልቤሪና የወይራ ዛፎች መሸጥና መትከል እስከ መከልከል ደረሰ።

ወደ እኛ አገር እንምጣ። የእኛም ቆላ ከዚህ ነገር ንጹህ አይደለም። ፓርቴኒየም የሚባለው አረም የራግዊድ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ በድሬዳዋና በሐረር አካባቢ፣ እንዲሁም በስምጥ ሸለቆ ተስፋፍቷል፤ አፍንጫንም ቆዳንም ያስቆጣል። በአፋርና በድሬዳዋ በኩል የተዛመተው ፕሮሶፒስም ብናኙ አለርጂክ ያስነሳል። አዳማ ደግሞ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት ነፋሻማ ከተማ ናት፤ ነፋስ ባለበት አቧራ አይጠፋም።

ሌላም ነገር አለ። ሰውነት አዲስን ብናኝ ለመጥላት ጊዜ ይወስድበታል። በ2013 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከአሜሪካ ውጭ የተወለዱ ልጆች እዚያ ከተወለዱት ይልቅ አለርጂክ ያነሰባቸው ሆነው ተገኙ፤ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሲኖሩ ግን ሕመሙ በረከተባቸው። ስለዚህ አዲስ ቦታ ገብቶ በመጀመሪያው ዓመት «ዳንኩ!» የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ ግን የአንድ ዓመት ዕረፍት ለዘለዓለም መዳን ምስክር አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላክል። በእኛ ሰፈር ራስ ምታት ሁሉ ሳይነስ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት «ሳይነስ ነው የሚያመኝ» የሚሉ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎችን መርምሮ፣ ከመቶው 88ቱ ያለባቸው ማይግሬን መሆኑን አግኝቷል። ማይግሬን አዳማ ሄደ ተብሎ አይተውም። የአፍንጫ አጥንት መጣመምና በአፍንጫ ውስጥ የሚበቅል ሥጋም እንደዚሁ ከባለቤቱ ጋር ይጓዛሉ። በትራስና በፍራሽ ውስጥ የምትኖር ዓይን የማያያት ትንሽ ተባይም አለች፤ ትራሱን ጭኖ የሄደ ሰው ሕመሙንም ጭኖ ሄደ ማለት ነው። ከሰሉንና እጣኑን በተዘጋ ክፍል ለሚያጨስ ሰውማ ምን ይባላል? በ1911 ዓ.ም. የገባው የህዳር በሽታ መታሰቢያ በሆነው በህዳር 12 ቆሻሻ ስናቃጥል ደግሞ የታመመ ጎረቤታችንን እናስብ።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ይመዝገብ። በየትኛው ወር ባሰበት? በረንዳ ላይ ወይስ መኝታ ቤት? ዓመቱን ሙሉ የማይለቅ ከሆነ ከሣር አበባ ይልቅ ቤት ውስጥ ያለውን ነገር እንጠርጥር። የቆዳ ምርመራ የሚሰጥበት ሕክምና ቤት ከተገኘም ጥሩ ነው።

ሁለተኛ፣ ሕክምናው በደንብ ይሞከር። ሐኪም ያዘዘው በየቀኑ የሚነፋ የአፍንጫ መድኃኒት ሙሉ ኃይሉን ለማሳየት አንድ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ብዙ ሰው ግን በሦስተኛው ቀን «አልረባኝም» ብሎ ይጥለዋል። መስከረም የሚነሳበት ሰው ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ቢወስደው ይሻላል። አፍልተው ባቀዘቀዙት አንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ሟምቶ አፍንጫን ማጠብም ይረዳል፤ ያልፈላ ውሃ ግን አይሆንም። ቶሎ የሚከፍተውን ጠብታ ከጥቂት ቀን በላይ መውሰድ መልሶ ይደፍናልና ተጠንቀቁ። ዓይን ዙሪያ ያበጠበት፣ ዕይታው የደበዘዘበት፣ ከከባድ ራስ ምታት ጋር ትኩሳት የያዘው፣ ወይም አንድ አፍንጫው ብቻ ተደፍኖ የሚደማ ሰው ጊዜ ሳይሰጥ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ሦስተኛ፣ ይህ ሁሉ ተደርጎ አልሆን ካለ፣ ክፉው ወር ሲመጣ ዘመድ ቤት ወይም ተከራይቶ ይሞከር። አንድ ቅዳሜና እሁድ አይበቃም፤ ወቅቱ እስኪያልፍ፣ ቢቻል ሁለት ዓመት በተከታታይ። የማለዳ ብርድ ብቻ የሚያስነሳበት ሰው በሞቃት አገር በእርግጥ ሊጠቀም ይችላል። ለእንዲህ ያለው ሰው መሄዱ ትክክል ነው፤ እኛም «ቅር» ልንለው አይገባም።

በመጨረሻ ለስብሰባው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለጤናው ሲል ከሰፈር የሚለቅ አባል መዋጮውን እየላከ በአባልነቱ የሚቆይበት መንገድ በደንባችን ውስጥ ቢገባ። የታመመ ሰው ከአፍንጫውና ከቀባሪው አንዱን ምረጥ ሊባል አይገባውም። ጥሩምባው ሲነፋ እሱ ሩቅ ቢሆንም፣ ስሙ ከመዝገባችን ላይ አይጥፋ።