ዳሎል ከአማቴ ጋር

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ሰብሳቢያችን በጥር ወር ከቤተሰቤ ጋር ስላደረግሁት የዳሎል ጉዞ እንድነግራችሁ ስለጠየቁኝ ነው የቆምኩት። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ወሬዬ ወደ ገቢና ወጪ ቢያዘነብል ከወዲሁ ቻሉኝ።

ዳሎል በአፋር ክልል፣ በደናክል በረሃ ውስጥ ነው። የባለቤቴ ቤተሰብ መቀሌ ስለሚኖር ለጥምቀት እነሱ ዘንድ ሄደን ነበር፤ ከዚያ ተነሥቶ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል። መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ አላት። ዳሎል ደግሞ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ጋቢ ተከናንበን ወጣን። በርሃሌን አልፈን ሐመድ ኢላ ስንደርስ ገና ፀሐይ መውጣቷ ነበር፤ ልጆቹ ግን ሹራባቸውን አውልቀው ጨርሰዋል። ጥር እንግዲህ እዚያ ቀዝቃዛው ወቅት ነው! ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በተመዘገበው መሠረት የዳሎል የዓመት አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር። አማካይ ሲባል ሌሊቱም ተደምሮ መሆኑን አትርሱ።

ጭቅጭቅ የነበረው በአማቴ ምክንያት ነው። «አደይ» ነው የምንላቸው። 72 ዓመታቸው ነው፣ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። የባለቤቴ እህቶች «እሳቸውን እዚያ እሳት ውስጥ?» ብለው አምርረው ተቃወሙ። አደይ ግን አልሰሙም። ሟቹ አማቼ በወጣትነታቸው ለዓመታት አርሆ ወርደዋል። አርሆ ማለት ጨው ለማምጣት ከደጋ ወደ በረሃው የሚወርደው የግመል፣ የበቅሎና የአህያ ጉዞ ነው። «ያን ሁሉ ዓመት ሰው የጠበቅኩበትን አገር ሳላይ አልሞትም» አሉ። ሐኪማቸውን ጠየቅን፤ በጧት ገብታችሁ ፀሐይ ሳይበረታ ውጡ፣ ውኃ አብዝታችሁ ስጧቸው አለን። በዚሁ ተስማማን።

ዳሎልን በቃል መግለጽ ያስቸግራል። መኪናው ከታች ይቆምና ትንሽ ዳገት በእግር ይወጣል። ከላይ መሬቱ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቀይና ነጭ ነው። ከመሬት ውስጥ የጋለ ጨዋማ ውኃ እየፈላ ይወጣል፤ ዲኑ ቢጫውን፣ ብረቱ እንደ ዝገት ያለውን ቀይ ይሰጠዋል። ሽታው እንደ ተበላሸ እንቁላል ነው። ውኃው ከባትሪ አሲድ ጋር የሚወዳደር አሲድነት ስላለው የልጆችን እጅ መልቀቅ አይቻልም። መሪያችን በረገጠበት ብቻ እየረገጥን ዞርን። የሰባት ዓመቷ ልጄ «ማነው ቀለም የደፋው?» አለች።

አደይ ዳገቱን አልወጡም፤ በመኪናው ጥላ ሥር ከባለቤቴ እህት ጋር ቀሩ። ቀለሙን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። እሳቸው የመጡት ለጨው ነው።

የጨው ሜዳው ዓይን እስኪደክም ነጭ ነው። በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውኃ ወደዚህ ገብቶ ደርቋል፤ ከሥር ያለው ጨው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት አለው። ሠራተኞቹ በመጥረቢያ ይሰነጥቁታል፣ በእንጨት ይፈነቅሉታል፣ ከዚያ አስተካክለው አሞሌ ያደርጉታል። አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በአገራችን ገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል እንደነበር ታውቃላችሁ። አደይ ጎንበስ ብለው መሬቱን በመዳፋቸው ዳሰሱ። አንዱን ሠራተኛ በአስተርጓሚ «ስንቅህን ማን አዘጋጀልህ?» ብለው ጠየቁት። ሳቀና «ባለቤቴ» አለ።

ከ4 ሰዓት በፊት መመለስ ጀመርን፤ ግፊታቸውም ደህና ነበር። መንገድ ላይ ባለቤቴ «አባቴ በጨው ነው ያሳደገን» አለ። አደይ ጥቂት ዝም ብለው «ጨውስ በምን መጣ?» አሉ። ከዚያ ይቆጥሩ ጀመር። ለእያንዳንዱ ጉዞ በድንጋይ ወፍጮ የተፈጨ የብርኩታ ዱቄት፤ ቆሎ፤ የአህዮቹ ገለባ፤ የተጠገነ ስልቻ። እሳቸው በሌሉበት ከብቱ፣ ውኃው፣ ሕፃናቱ። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ሞላ። እኛ በሒሳብ ቋንቋ ይህን ወጪ እንለዋለን፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን አልተከፈላቸውም፣ በዚያ ጊዜ ሴት አርሆ ስለማትወርድ የነጋዴነቱ ስምም የላቸውም።

ይህን የማነሣው በእኛም ቤት ስላለ ነው። የብድር መጠየቂያ ቅጻችን «የአመልካቿ ገቢ» ይላል። የቤት እመቤት የሆነችው ዜሮ ትጽፋለች፤ ባሏ የሚሸጠውን በርበሬ የምትቀነጥሰውም፣ የምትደልዘውም እሷ ሆና። ለጋሾቻችን የሚደርሳቸው ሪፖርትም ከዚሁ ዜሮ ይነሣል። ስለዚህ «ለቤተሰቡ ገቢ የምትሠራው ያልተከፈለ ሥራ» የሚል መስመር እንዲጨመር ረቂቅ አዘጋጅቼ ለጸሐፊያችን ሰጥቻለሁ፤ በሚቀጥለው ጉባኤ እንድትወያዩበት ነው።

አደይ ከሠራተኞቹ ገዝተው የላኩላችሁ አሞሌ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው። ተቀባበሉት፤ ከበድ ይላልና በሁለት እጅ ያዙት።