“ቁስሉ ስንተኛ ደረጃ ላይ ነው?” ብላችሁ ጠይቁ

(ከኮለምበስ፣ ኦሃዮ በሳተላይት ቴሌቪዥን የተላለፈ ሐተታ፤ ለአንባቢያን በጽሑፍ የቀረበ)



በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ የምናወራው ስለ ፖለቲካ ነው። ዛሬ ግን ስለ እግር ላወራችሁ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት የፖለቲካ ሳይንስ ነው። ነገር ግን እዚህ ኮለምበስ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የማውቀው አንድ ወዳጄ ከጉልበቱ በታች አንድ እግሩን አጥቷል። መጋዘን ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ የሚሠራ ሰው ነው። ስኳር አለበት። ጫማው እግሩን ሲልጠው አልተሰማውም። ካልሲው ላይ እድፍ ያየችው ባለቤቱ ናት። “ምንም አያመኝም እኮ!” አላት፤ ሦስት ሳምንትም ዝም ብሎ ሠራ።

ወገኖቼ፣ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ስኳር ነርቭን ሲጎዳ እግር ሕመም መናገር ያቆማል። አለማመሙ የጤና ምልክት ሳይሆን የአደጋ ምልክት ነው።

ወዳጄን ልጠይቀው ሆስፒታል ስሄድ “ቁስሉ ስንተኛ ደረጃ ላይ ነው አሉህ?” አልኩት። “ደረጃ አለው እንዴ?” አለኝ። አዎ፣ ደረጃ አለው። ዋግነር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት አከፋፈል ከ0 እስከ 5 ይቆጠራል። 0 ቆዳው ያልተከፈተ ነገር ግን ለአደጋ የተጋለጠ እግር ነው። 1 ላይ ላዩን የሆነ ቁስል ነው። 2 ወደ ጅማትና ወደ አጥንት የዘለቀ ነው። 3 መግል የያዘ ወይም አጥንቱ የተመረዘ ነው። 4 ጣቶቹ ወይም ተረከዙ ሲሞቱና ሲጠቁሩ ነው። 5 መላው እግር ሲሞት ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን እግሩን የማጣት ዕድሉ ይጨምራል።

ይህ አከፋፈል ግን ስለ ደም ዝውውር የሚነግረን ጥቂት ነው። ስለዚህ የአሜሪካ የደም ሥር ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ሌላ መለኪያ አወጣ። ሦስት ነገር ይመዘናል፦ የቁስሉ ጥልቀት፣ የደም እጥረቱ እና ኢንፌክሽኑ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል። ሦስቱ በአንድነት ሲታዩ እግሩ በአንድ ዓመት ውስጥ የመቆረጥ አደጋው በጣም ዝቅተኛ፣ ዝቅተኛ፣ መካከለኛ ወይም ከፍተኛ መሆኑን ያመለክታሉ። ከዚያም በላይ የተዘጋውን የደም ሥር መክፈት እንደሚጠቅም ይጠቁማሉ።

ይህን ለምን እነግራችኋለሁ? አሜሪካ ውስጥ ስኳር ያለበት ጥቁር ሰው እግሩን የሚያጣው ከነጩ በበለጠ ነው። እግሩ የተለየ ሆኖ አይደለም፤ ዘግይቶ ስለሚደርስና በጊዜ ስለማይመረመር ነው። እኛም እዚያው ውስጥ ነን። ስለዚህ ስለ መቁረጥ ሲነገራችሁ፣ ነፍስ አደጋ ላይ ያለበት ድንገተኛ ሁኔታ ካልሆነ በቀር፣ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ደረጃው ስንት ነው? የእግሬ የደም ዝውውር ተለክቷል? የደም ሥር ሐኪም አይቶኛል? በስኳር ሕመምተኛ ላይ የቁርጭምጭሚት ደም ሥር ስለሚጠጥር ልኬቱ የሌለ ጤና ሊያሳይ ይችላል፤ የአውራ ጣቱም ግፊት ይለካ በሉ። እንግሊዝኛ ቢያስቸግራችሁ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አታስቀሩ።

አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የስኳር ክትትል ላይ ባሉ አዋቂዎች የተደረገ ጥናት 13.6 ከመቶ የሚሆኑት የእግር ቁስል እንዳለባቸው አግኝቷል። ነርቭ መጎዳትና እግርን አለመንከባከብ ከምክንያቶቹ መካከል ነበሩ።

ዛሬ ማታ ያለ ምንም መሣሪያ የምትሠሩት አንድ ነገር አለ። አባታችሁ ወይም እናታችሁ ዓይናቸውን ይጨፍኑ። በጣታችሁ ጫፍ የሁለቱንም እግር አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿን ጣት ለአንድ ሁለት ሴኮንድ በቀስታ ንኩ። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማቸው፣ እግራቸው ቁስል ባይኖርበትም ለአደጋ የተጋለጠ ነውና ሐኪም ይየው። በየማታው ውስጥ እግርን ማየት፣ ጫማን አራግፎ መልበስ፣ በባዶ እግር አለመሄድ፣ በብርድ ጊዜ እግርን ማሞቂያ ላይ ወይም ትኩስ ውኃ ውስጥ አለመክተት። ቁስሉ ከጠቆረ፣ ከሸተተ፣ መቅላቱ ከተስፋፋ ወይም ትኩሳት ካለ ያኑኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ጠበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ ሐኪሙን ግን አያስቀር።

ወዳጄ አሁን በሰው ሠራሽ እግር መራመድ እየተለማመደ ነው። “በቴሌቪዥን ንገርልኝ፤ ስሜን ግን አትጥራ” ብሎኛል። አባቶቻችን “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይላሉ። እኛ ደግሞ ያልተሰማንን በሽታ ጭምር ፈልገን ማግኘት አለብን። ዛሬ ወደ ቤተሰብ ስትደውሉ “ደህና ናችሁ?” ብላችሁ አትዝጉት። “እግራችሁን አይታችኋል?” በሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ፖለቲካችን እንመለሳለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።